ከትራሷ ልክ

«ኧረ መስኮቱን ዝጉት! ሐዘንተኛውን ንፋስ ይምታው ነው የምትሉት?» አሉ ጎረቤቲቱ እትዬ ቦጋለች። ሰውዬው በሙቀት ታፍኖ ቢሞትባቸው ግድ የላቸውም፤ ካምፓላ ኖረው ኖረው ዛሬም ንፋስ ከጅብ እኩል ይፈራሉ።

ሕሩይ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጧል። ሚስቱን አለምዘውድን ከቀበረ ወዲህ አልጋ ላይ አልወጣም። ከዚያ ዝቅታ መስኮቱ ከአናቱ በላይ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ለቅሶ ደራሽ የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው።

የግንባታ ፎርማኑ ሀብቴ ከቦዳ፣ ከሞተር ሳይክል ታክሲው፣ ወርዶ ገባና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ ሕሩይ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ግድግዳው ጉልበት ልክ ደርሷል። ነገ እስከ መስኮቱ ድረስ ጡቡን እንጨምር?» ሲል አንሾካሾከ።

ግድግዳው ካትዌ ሰፈር ማዶ የሚሠራው የካንሰር ሕሙማን ማረፊያ ግድግዳ ነው። ፕላኑን ያወጣው ሕሩይ ነው፤ ይኮራበትም ነበር። መስኮቶቹን ወደ ላይ የሰቀላቸው ፀሐይ በሽተኛው ላይ እንዳትወድቅ፣ የሞቀው አየርም በላይ በኩል እንዲወጣ ብሎ ነው። ፕላኑን አለምዘውድ ታማ በተኛችበት አልጋ ላይ ዘርግቶ አሳይቷት ነበር።

«ተኝቶ ለሚውል ሰው ምን ይታየዋል?» አለችው።

«ሰማይ።»

«ሰማዩንስ ገና እሄድበት የለ! እኔ ማየት የምፈልገው የደጃችንን አቮካዶ ዛፍ ነው፤ ቦዳ ላይ ሦስት ሆነው ተጣብቀው የሚያልፉትን ነው።»

«ዝቅ ካደረግነው ዝናቡ ይገባል፣ አለሜ። የዘንድሮውን የኤልኒኖ ጎርፍ አላየሽም?»

«ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ ዓይን ይጨፈናል እንዴ? ጣራውን አስረዝመዋ!»

ስቆ ፕላኑን ጠቀለለ። አስብበታለሁ አላት። ሳያስብበት ሞተች፤ ይኸው አሁን አንጀቱን የሚበላው ይህ ነው።

ሕሩይ ብድግ አለ። «ና ተከተለኝ» ብሎ ሀብቴን ወደ መኝታ ቤት ይዞት ገባ። ጫማውን አውልቆ በእሷ በኩል ተጋደመ፤ ራሱንም ትራሷ ላይ አሳረፈ። ፊት ለፊቱ ባዶ ግድግዳ፣ ከላዩ ጠባብ መስኮት። ያን ሁሉ ወር ያየችው ይህን ነው።

«እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። ዝቅ... አሁንም ዝቅ...»

የሀብቴ መዳፍ ከትራሱ ልክ ደረሰ።

«እዚያ ጋ። መስኮቱ ከዚያ ይጀምር። ጣራውን ደግሞ ወደ ውጭ አስረዝመው፤ ዝናቡም ፀሐዩም እዚያው ይቅር።»

ሀብቴ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ መዳፉ ሥር አሰመረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሐዘንተኛ አልጋ ላይ? ሰው ምን ይላል?» እያሉ እትዬ ቦጋለች ደረሱ። ወዲያው ሕሩይ ሲያለቅስ አዩት። ከቀብሩ ወዲህ እንባ ወጥቶት አያውቅም ነበር።

«አልቅስ የኔ ልጅ፣ ይውጣልህ» አሉት። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ሄዶ ነበር፤ ሳይዘጉት መለሱት።

ሕሩይ ወደ ራሱ በኩል ፈቀቅ አለና የአለምዘውድን ቦታ ለቀቀላት።