ገዘር ቀድሞ የደረሰው ጀሪካን

ልጄ ያቤጽ ጂንካ ላይ የታወቀ የናፍጣ መኪና መካኒክ ነው። አቶ ጉታ ግን ልጃቸውን ሰገነትን እንዲድሩለት ሽማግሌ ብንልክ ብንልክ «እጁ ናፍጣ ይሸታል» ብለው አሻፈረኝ ያሉ ሰው ናቸው። እስቲ አሁን መካኒክ ምን ይሽተት? ሽቶ? በመጨረሻ እሺ ያሉት ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ነው። ስለዚህ የሰርጉ ቀን ያቤጽን በሎሚና በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ፣ ሱፍ አልብሼ፣ ወደ ሙሽራዋ አገር ወደ ገዘር ጉዞ ጀመርን።

ሚኒባሷ ዳገቱ መሃል ሁለቴ ሳለችና ቀጥ አለች።

«ምን ሆነች?» አልኩት ሚዜውን ዘሩባቤልን፤ የሚነዳውም እሱ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ጠዋት ሞልቼላታለሁ» አለ በተደፈነ አፍንጫው። ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል።

ያቤጽ የፊቱን ወንበር አንስቶ ከሥሩ ያለው ሞተር ላይ ተደፋ።

«ኧረ በጌታ! ሱፉን!»

«ተረጋጊ እማዬ። ናፍጣው ከታንከሩ ተነስቶ በፊልትሮ ይጣራል። ከዚያ ፖምፓው በኃይል ወደ ኖዝሎቹ ይገፋዋል። ኖዝል ደግሞ መርፌ በማታስገባ ቀዳዳ እንደ ጉም ይረጨዋል። ሞተሩ ውስጥ የታመቀው አየር ስለሚግል፣ ጉሙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። አሁን ከነዚህ አንዱ...»

«እኔ ሰርግ እላለሁ፣ አንተ ትምህርት ቤት ትከፍታለህ!»

ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ ፈታና ዘሩባቤልን «እስቲ አስነሳ» አለው። ፈሳሹ እጁ ላይ ቱፍ ቱፍ አለ። አሸተተውና ግራ ገባው። ከዚያ፣ ይኼ የወለድኩት ልጅ፣ ላሰው።

«እማዬ፣ ይጣፍጣል።»

እኔም ቀመስኩ። የገዛ እጄ ብርዝ! እኛ ቤት ጠጅ አይጠጣም፤ ለአማቶቹ ብዬ ማሩን ከካኮ ገበያ አስመጥቼ የበጠበጥኩት ነው። ናፍጣ እንደ ልብ ስለማይገኝ እቤት እናስቀምጣለን፤ ብርዙም ናፍጣውም በቢጫ ጀሪካን ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ።

«ሌላኛውን ጀሪካንስ?» አልኩት ዘሩባቤልን።

«በሞተር ሳይክል ለአቶ ጉታ ላክሁት» አለ።

የናፍጣ ሽታ የሚጠሉ ሰውዬ ናፍጣ ሊጠጡ ነው! ይህን ቀምሰው ልጃቸውን ቢሰጡን እኔ ሰው አይደለሁም። ስልክ ብንደውል ኔትወርክ የለም። መኪናዋም ብርዙ ፖምፓው ድረስ ስለገባ ሁሉም ካልታጠበ አትነሳም። ጨው የጫነ አይሱዙ ሲመጣ መንገዱ መሃል ቆሜ አስቆምኩና ሙሽራውን ጆንያ ላይ ሰቀልኩት።

ስንደርስ ዳሱ ሙሉ ነው። ሁሉም ብርጭቆ ይዞ ቆሟል፣ ፓስተሩ መጠጡን እየባረኩ ነው። ጸሎት ሲረዝም የማጉረመርመው እኔ፣ ያን ቀን ለረጅም ጸሎት እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

«አሜን እንዳትሉ!» ብዬ ገባሁ። «ናፍጣ ነው!»

አቶ ጉታ ብርጭቋቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገና ሲቀዳ ሸቶኛል» አሉ። «ሲበጠበጥ የልጁ እጅ ነክቶት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ሊጠጡት ነበር?»

«ልጄን ሰጥቼ የለም እንዴ፣ የያቤጽ እናት? ሽታውን ከዛሬ ጀምሬ ልልመደው ብዬ ነው።»

እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ያማሁት ሰውዬ! ያቤጽ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ቀድመው እጁን ያዙት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ምነው» አሉ፣ «ዛሬ ማር ማር ይሸታል?»