ፕሪሞን ለጌታ መስጠት

ጋሼ ፕሪሞን ስትሮክ ከመታው በኋላ እትዬ ኤርሊንዳ መቀመጥ አቃታት። ድሮም ቢሆን የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። በቤተ ክርስቲያናችን ሌላው የጠረገውን መልሳ የምትጠርግ፣ ሌላው ያስተካከለውን አበባ ነቅላ እንደገና የምታስተካክል፣ ፓስተሩ ስብከቱን ሲያስረዝም ከኋላ ወንበር ሆና ጉሮሮዋን የምትጠራርግ እሷ ነበረች። ያኔ ግን ጭንቀቷ በመንደሩ ሁሉ ላይ የተበተነ ስለነበር ለአንድ ሰው አይከብድም። ባሏ ከሆስፒታል ሲመለስ ሁሉም ተሰብስቦ እሱ ላይ ወደቀ።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። በቤታችንና በቤታቸው መሀል ያለው የቀርከሃ አጥር ብቻ ስለሆነ ያልሰማሁት የለም። ክኒኑን ሰጥታው መዋጡን ለማረጋገጥ አፉን አስከፍታ ታያለች። መጸዳጃ ቤት ሲገባ በር ላይ ቆማ ታናግረዋለች፤ መልስ ካዘገየ ታንኳኳለች። ጨው ከለከለችው፤ የደረቀ ዓሣ ከለከለችው፤ የሰፈሩ ወንዶች ካርታ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቆሞ መሳቁን እንኳ፣ ደሙ ይፈላል ብላ ከለከለችው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሕሩን።

ጋሼ ፕሪሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ አስጋሪ ነው። ግራ እጁ ሰንፎ ቀረ እንጂ እግሩ ጸንቷል፣ ተይዞ የነበረው አንደበቱም ተፈቷል። ሲሻለው ሞተሩን ሊሞክር ወደ ጀልባው ወረደ። ገመዱን ቢጎትት፣ ቢጎትት ሞተሩ አልነሳ አለው። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ካንዴላው ተነቅሏል። ማን እንደነቀለው መጠየቅ አላስፈለገውም። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይወርድና አሸዋ ላይ በቆመችው ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። ሩዝ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። እሱ ባሕሩን ሲያይ፣ እሷ ደግሞ በኩሽናዋ መስኮት እሱን ስታይ፣ ቀኑ እንዲሁ ይመሻል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲል እትዬ ኤርሊንዳ ተነሳች። ስንት ቀን እንዳለቀሰች፣ በመጨረሻ ግን ፕሪሞን ለጌታ አሳልፋ እንደሰጠች፣ አሁን ልቧ እንዳረፈ ነገረችን። ሁላችንም አሜን አልን፤ እንባ ያበሰም ነበር። እኔ ግን አጠገቧ ስለነበርኩ፣ ልቤ አረፈ ስትል ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ እንዴት አድርገው እንደሚጠመዝዙት አይቻለሁ።

ስንወጣ እትዬ ሳልቫ ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት። እትዬ ሳልቫ የጋሼ ፕሪሞ ታላቅ እህት ናት። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ ውሸታም ናት ያላት ግን የለም።

«ጥሩ ምስክርነት ነው» አለቻት። «ፕሪሞን ለጌታ ሰጠሽ። ካንዴላውንስ ለማን ሰጠሽው?»

እትዬ ኤርሊንዳ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «የወንድምሽን ሬሳ ባሕር እንዲተፋልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«የምፈልገውማ ወንድሜን ነው። አንቺ ቤት የተቀመጠው አልሞተም፤ አለ ለማለትም ግን ይከብደኛል።»

እትዬ ኤርሊንዳ ጥላት ሄደች። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ መንገዱን ሁሉ ለእትዬ ሳልቫ የሚሆን መልስ ስትፈልግ ነበር። ብዙ አገኘች፤ አንዱ ካንዱ የሚያምር። ቤቷ ስትደርስ ግን አንዱም አብሯት አልነበረም። የቀራት ዶክተሩ ሲሸኛቸው የተናገረው ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ለማንም ሳታወራ ሆዷ ውስጥ ቀብራው ከርማለች። የሩዙን ቆርቆሮ ከፈተች፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን ካንዴላ አወጣችና ወደ ጀልባው ወረደች።

«ፕሪሞ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለችው። «ዶክተሩ… ባሕሩ ጸጥ ካለ፣ ሩቅ ካልሄደ፣ ሰው አብሮት ከሆነ መውጣት ይችላል ብሎኝ ነበር።»

ጋሼ ፕሪሞ ከባሕሩ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «አውቃለሁ» አላት። «እኔው ፊት እኮ ነው የተናገረው። አፌ ተይዞ ነበር እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«እስክትነግሪኝ ብዬ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለሰው ከመሰከረችው ልቅሶ ይኼ የተለየ ነበር። ካንዴላውን በደህናው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ተከተለ፦ ባርኔጣ ሳያደርግ እንዳይወጣ፣ ክኒኑን እንዳይረሳ፣ ባሕሩ ውስጥ ካለው ነጭ ድንጋይ እንዳያልፍ፣ ከጋሼ ኤሊንግ ጋር ብቻ እንዲሄድ። ጋሼ ኤሊንግ የድሮ ጓደኛው ነው፤ ጎበዝ ባሕረኛ ቢሆንም አንድ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል። ማታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «አንዱ አንድ እጅ፣ ሌላው አንድ ጆሮ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው አይወጣቸውም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ወጡ። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ቀረች። ከዚያ ተመልሳ ትናንት ያጠበችውን ልብስ አጠበች። ድስቶቹን አውርዳ በአመድ ፈተገቻቸው። ግቢውን ጠርጋ ስትጨርስ አጥሩን ዞራ የእኔንም ጠረገችው። ልትጸልይ ተንበረከከች። ድምፅዋ ይሰማኛል፦ ጌታ ሆይ፣ ነፋሱን በዚህ በኩል ያዘው፤ ባርኔጣውን አስታውሰው፤ ኤሊንግ መረቡን ሲጥል ፕሪሞ እንዳይጎትት አድርግ፤ ቶሎ ይመለሱ፣ ምሳ ሳይደርስ። መሀል ላይ ቀጥ አለች። ትንሽ ቆይታ ብቅ አለችና፣ «ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ጌታን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን እንደማዝዘው እያዘዝኩት ነው» አለችኝ።

ረፋዱ ላይ ከምዕራብ ደመናው ጠቆረ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነፋስ ሳይታሰብ መጥቶ ሳይታሰብ ይሄዳል፤ የሚወስደውን ግን ይወስዳል። ጀልባዎቹ እየተሯሯጡ ገቡ፤ አንዱ ሚዛኑን የሚጠብቅለት የጎን ቀርከሃው ተሰብሮ ነበር። የጋሼ ፕሪሞ ግን የለችም። እትዬ ኤርሊንዳ ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው እየሮጠች ጠየቀች። ከነጭ ድንጋይ ወዲያ አየኋቸው ያላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንን ባይነግራት በወደድኩ። የቀበሌያችን ሹም ዘንድ ሄዳ ጀልባ ላክ አለችው። በዚህ ነፋስ የሰው ልጅ እንዴት ልላክ አላት። እውነቱን ነበር፤ እሷም ታውቃለች። የምታስተካክለው፣ የምታዘው፣ የምትደብቀው ነገር አለቀባት።

ዝናቡ ሲወርድ ዳር ላይ ከተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ሳልቫ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አይዞሽ አላለቻትም። በነገሩ የእሷም እጅ እንዳለበት ታውቃለች። እኔ ፕላስቲክ ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ብዙ ከቆየን በኋላ እትዬ ኤርሊንዳ ዓይኗን ሳትጨፍን ጸለየች።

«ጌታ ሆይ፣ የእኔ ሳይሆን በፊት ያንተ ነበር። ብትወስደው ደስ አይለኝም፤ ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽህም። ግን እጄን አንስቻለሁ።»

እትዬ ሳልቫ አሜን አለች። በእትዬ ኤርሊንዳ ላይ ሰላም እንደ ብርድ ልብስ ወረደ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ያየሁት ግን እንደዚያ አልነበረም። ያየሁት ሳትነሳ መቀመጧን ነው።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ አሸዋው መጤስ ሲጀምር፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከነጭ ድንጋይ ወዲያ ካለች ትንሽ ደሴት ጀርባ ተጠግተው ነበር ያሳለፉት። ጋሼ ኤሊንግ መሪውን ይዟል፤ ጋሼ ፕሪሞ ፊት ተቀምጦ በደህናው እጁ ያጠመዱትን አንድ ባልዲ ካላማሪ አቅፏል። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ኤርሊንዳ ውሃው ውስጥ ገብታ ጀልባዋን ያዘች። ነጭ ድንጋይን ለምን እንዳለፈ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት አየኋት። መልሳ ዘጋችው፤ «ርቦሃል?» ብቻ አለችው።

«በጣም» አላት።

በጋውን በሙሉ ወጣ። ለመደችው እንዳልል አልለመደችውም። ማለዳ ለጌታ ትሰጠዋለች፤ ረፋዱ ላይ መልሳ ትወስደዋለች፤ ቀትር ላይ እንደገና ትሰጣለች። እሷው ናት እንዲህ ያለችኝ። አንዳንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ «ዛሬ ሦስቴ ቀማሁት» ትለኛለች።

ክረምት ሲገባ ጋሼ ፕሪሞ ሞተ። ባሕር ላይ አልነበረም። ቤቱ፣ ወንበሩ ላይ፣ እሷ አጠገቡ ማንጎ እየላጠች ሳለ ነው። ክኒኑን ውጦ ነበር። ጨው አልበላም ነበር። ቁራሹን ልታጎርሰው ዘወር ስትል ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሚገባው ጠፋው። ቀድማ የተናገረችው እትዬ ኤርሊንዳ ናት፦ «እጄ ላይ እያለ ነው የሄደው። እጄ ከሞት የሚያድን ቢሆን ኖሮ ባልሄደ ነበር» አለች። ከዚያም ምርር ብላ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ከቀብሩ በኋላ ከባኮሎድ ከተማ የመጣችው ልጇ ማሪቬል ቤቱን ትዞረው ጀመር። ደረጃው ያዳልጣል፤ ምድጃው አደገኛ ነው፤ ብቻሽን ማደር የለብሽም፤ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነገ ዕቃሽን ጠቅልለን አብረን እንሄዳለን። እያወራች መጋረጃውን አውርዳ ታጥፋለች፤ ሳህን ከዚህ አንስታ እዚያ ታስቀምጣለች። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ እግሯ ግን አይቆምም። እትዬ ኤርሊንዳ የጋሼ ፕሪሞ ወንበር ላይ ሆና ትመለከታታለች።

«ማሪቬል» አለቻት። «ሳህኑን አስቀምጪና ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«እማ፣ አንድ ቀን ወድቀሽ ብትገኚስ?»

«እወድቅ ይሆናል። ነይ።»

ማሪቬል ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ወደ በሩ አየች፣ ወደ ምድጃው አየች፣ ወደ እኔም አየች፤ የምረዳት መስሏት። ከዚያ መጥታ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ግን ከጭኗ ላይ አላወረደችውም።