ጭስ ይመዝናል ወይ?

ልጄ የትናየት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ዘርፌ ቤት መግባት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። ንፋስ መውጫ ከተማ የተከራየነው ቤት ከዘርፌ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። እኔ ሽሮ እያማሰልሁ ጆሮዬን ወደዚያ እጥላለሁ።

ነገሩ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። መምህር አንተነህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን «መጽሐፉን ሙሉ ከምትሸመድዱ፣ ሌላው ሁሉ የቆመባቸውን ጥቂት ሐሳቦች ለይታችሁ ያዙ» ብለዋቸዋል። መፈተኛው ደግሞ ኬሚስትሪ ላልተማረ ሰው በአማርኛ ማስረዳት ነው። ለዚህም ወረቀት ሰጥተዋቸዋል፤ ከላይ ሐሳቡ፣ ከሥሩ አድማጩ የጠየቀው ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ የአድማጩ ስም ይጻፍበታል።

መጀመሪያ ያስረዳችው ለእኔ ነበር። እኔም እንዳላሳፍራት ብዬ ገና አፏን ስትከፍት «ገብቶኛል፣ ጎበዝ!» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ ዘርፌ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ላይ የማየው ዘርፌ፣ ዘርፌ፣ ዘርፌ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ መቻሌ የጠቀመኝ በቅናት ለመቃጠል ሆነ።

ትናንት በር ላይ ያዝኋት።

«ዘርፌ በምን በለጠችኝ? እሷ እንደሁ ፊደል እንኳ አልቆጠረች።»

«አልገባኝም ትለኛለቻ! አንቺ ሁሉም ይገባሻል። ጥያቄ ሳልይዝ ባዶ ወረቀት ልውሰድላቸው?»

እጇን ይዤ ወደ ውስጥ ሳብኋት።

«ተቀመጪ፤ የዛሬውን ንገሪኝ» አልኋት።

ፊቷን አጨፍግጋ ተቀመጠች። ማንኛውም ነገር ለዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው አለች። ሲቃጠልም ቢሆን እነሱ ቦታና ጓደኛ ይቀይራሉ እንጂ አይጠፉም፤ ክብደታቸውም አይጎድልም።

«ገብ...» ብዬ ምላሴን ያዝሁት።

«አልገባኝም» አልሁ። ፊቴ ጋለ። «ቅዳሜ ከገበያ የተሸከምሁት እንጨት ወገቤን ቆርጦኛል። ነድዶ ሲያልቅ አመዱን በአንድ እጄ አውጥቼ ደፋሁት። ካልጎደለ ክብደቱ የት ገባ?»

«ጭስ ሆኖ ወጣ።»

«ጭስ ይመዝናል?»

«አዎ... መሰለኝ።»

«የሚመዝን ከሆነ ለምን ወደ ላይ ይሄዳል? ድንጋይ ወደ ላይ ሲሄድ አይተሻል?»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ እማዬ! ይኸንስ እኔም አላውቀው። መምህሬን ነው የምጠይቃቸው።»

«ዘርፌ ጠይቃሽ ታውቃለች?»

«ይኸን? አታውቅም።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጮቤ መርገጥ አማረኝ።

ጥያቄውን ከነድንጋዩ ጻፈችው። ስሙ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድሁና ራሴ ጻፍሁ፤ የኔነሽ አበጀ። ቦታው ጠበበኝና የአባቴ ስም ከመስመሩ ወጣ።

«የትናየት!» አለች ዘርፌ ከግድግዳው ወዲያ። «ረሳሽኝ እንዴ? ንፍሮው እኮ በረደ!»

ልጄ ልትመልስ ስትል ቀደምኋት።

«ሥራ ይዘናል!»

«የምን ሥራ ነው እሱ?»

«ኬሚስትሪ!» አልኋት።