ሊፍቱ የት ይቁም?

ሊፍቱ አልመጣም። አልጋ ገፊው ቁልፉን ለአራተኛ ጊዜ ተጫነ። አልጋው ላይ የተጋደሙትን አዛውንት እናት ከስድስተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማውረድ ነበረበት። ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ አልጋ ሲገፋ "ቀስ በሉ! ቀስ በሉ!" እያለ ስለሚያልፍ ሁሉም "ጋሽ ቀስበሉ" ነው የሚለው።

ሴት ልጁ አጠገቡ ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። ዛሬ ያስመጣት እሱ ነው፤ ወደ አካውንቲንግ የምትዛወርበትን ቅጽ አብረው ሞልተው፣ ቅጹን የሚቀበለው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ሳይዘጋ እንድታስገባ።

"ሒሳብ ሠራተኛ የማይፈልግ መሥሪያ ቤት የለም" ይላት ነበር። "የሒሳብ ሊቅ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም።"

ሊፍቱ ሲደርስ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነርሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ተራቸውን ለሌላ ሰጥተነዋል። ነገ ይምጡ።"

"ሊፍቱ እኮ ነው፣ ሲስተር!"

"ሁልጊዜ ሊፍቱ ነው።"

"ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም እኮ፣ ልጆቼ" አሉ አዛውንቷ፣ ማንንም ሳይወቅሱ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ወደ ክፍላቸው መልሷቸው ሲወጣ ልጁን ከሊፍቶቹ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ አገኛት። አንገቷን አቀርቅራ ትጽፋለች።

"ቅጹን እየሞላሽ ነው?"

"ሊፍቱን እየቆጠርኩ ነው።"

"ሊፍቱማ ሁለት ነው፤ ምኑ ይቆጠራል?"

"የት የት እንደሚጠራ ነው።" ከበሩ በላይ የሚበሩትን ቁጥሮች አሳየችው። "አባዬ፣ ሥራ ሲፈቱ ሁለቱም ለምንድን ነው ምድር ቤት ወርደው የሚቆሙት?"

ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ ገፍቷል። ይህን ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠረች። ከምድር ቤት የተጠሩት ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ ከስድስተኛ ፎቅ ሃያ ሦስት ጊዜ። ወረቀቱን ይዘው ታች ወዳለው የሊፍት ቴክኒሻን ሄዱ። ቴክኒሻኑ ወረቀቱን አየና ጭንቅላቱን አከከ።

"ሲገጠም ምድር ቤት ተብሎ ተሞላ፤ በቃ እንደዚያው ቀረ። የጠየቀኝም የለም።"

"ቢቀየር ይበላሻል?" አለ አባት።

"ምኑ ይበላሻል ጋሼ? ቁጥር መለወጥ ነው።"

አንደኛው ሊፍት ባዶውን ሲሆን ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ቀስበሉ ሦስት ሕመምተኞችን አንድም ሳይዘገይ አወረደ። ሦስተኛውን ሲያደርስ ነርሷ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። አባት ደረቱን ነፋ አድርጎ ተመለሰ።

ደስታው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ቆየ። የመጠየቂያ ሰዓት ደርሶ በሩ ሲከፈት ጠያቂው ጎረፈ። አንዱ ሊፍት ሰው ባራገፈ ቁጥር ባዶውን ወደ ስድስተኛ ፎቅ ይመለሳል፤ ታች ደግሞ ሰልፉ ከበር ወጥቷል። ቴክኒሻኑ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ እያለከለከ መጣ።

"እህቴ፣ ምን አደረግሽኝ? ጥበቃው ሊበላኝ ነው!"

አባት በኀፍረት መሬት መሬት አየ። ልጁ ግን ዓይኗ በርቷል።

"ጠዋት ልክ የነበረው ቀትር ላይ ስህተት ሆነ ማለት ነው!" አለች፣ አንድ ሰው ስጦታ የሰጣት ይመስል።

ቴክኒሻኑ ሊፍቱን ወደ ቀድሞው መልሶ ሲመጣ ንዴቱ በርዶለት ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠ።

"ስልጠና ስንወስድ ከፋብሪካው የመጣ ሰው ነበር፤ ሥራው ሊፍት የት የት ይቁም እያለ ማሰብ ነው። መሐንዲስ መስሎኝ ብጠይቀው፣ የተማርኩት ሒሳብ ነው አለኝ።"

"አራተኛ ዓመት ላይ ስለ ወረፋ የሚያስተምር ኮርስ አለ" አለች ልጅቷ። "ስሙን ስናይ፣ ለመሰለፍም ትምህርት ያስፈልጋል ወይ ብለን ስቀን ነበር።"

"እኔማ ዕድሜ ልኬን የተሰለፍኩት ሳልማር ነው" አለ አባት። ሦስቱም ሳቁ።

ቴክኒሻኑ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ቢሮው ሊዘጋ ነው" አለ አባት። "ቅጹስ?"

"አባዬ፣ ይሄ ነገር የት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም። አልዋሽህም። ሥራ ሳላገኝ ልቀመጥም እችላለሁ። ግን ለጠዋቱም ለቀትሩም የሚሆን መልስ መኖር አለመኖሩን ሳላውቅ ሌላ ክፍል ብገባ፣ አስተማሪው የሚለው አይሰማኝም።"

እሱ የምትለው ሁሉ አልገባውም። ዘጠኝ ደቂቃ አልጋ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ግን ከማንም በላይ ያውቃል።

"ይዘጋ" አለ። "ነገ ትቆጥሪያለሽ?"

"ነገ ክፍል አለኝ። የመጠየቂያው ሰዓት ጥሪ ደግሞ በትክክል ካልተቆጠረ የጠዋቱ ብቻውን ዋጋ የለውም።"

"እንዴት እንደምታሰምሪ አሳዪኝ እስቲ።"

አሳየችው፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ መስመር፣ አምስተኛው አራቱን አቋርጦ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ሞከረና ገባው። እሷን እስከ በሩ ከሸኘ በኋላ ወደ ተረኛ አስተባባሪዋ ቢሮ ገብቶ፣ የነገ የምሳ ዕረፍቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲሆንለት ጠየቀ።

"በዚያ ግርግር? ምን ልታደርግ?" አለችው።

"ወረፋ አለብኝ" አላት።