ባለ አሥራ ሁለት ቁልፉ ማውስ

ጌጡን ስትሮክ የመታው በጥቅምት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ዊንጌት አካባቢ ባለው የአርክቴክቸር ቢሮ ተቀምጦ የአንድ ክሊኒክ የወለል ፕላን ይሠራ ነበር። ግራ እጁ ከኪቦርዱ ላይ ተንሸራቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሊያነሳው ሞከረ፤ አልታዘዘውም። አጠገቡ የምትሠራው ኪያ "ምን ሆኑ?" ስትለው ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ተንሻፎ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ንግግሩ በሁለተኛው ሳምንት ተስተካከለ። እግሩም ቀስ በቀስ መጣ፤ መጀመሪያ በከዘራ፣ በኋላ ያለ ከዘራ፣ ትንሽ ጎተት እያለ መራመድ ቻለ። ግራ እጁ ግን ወደኋላ ቀረ። ትከሻውን ያነሳል፣ ክርኑንም በመጠኑ ማጠፍ ይችላል፤ ጣቶቹ ግን አይሰሙትም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው ድራፍቲንግ ነው፤ አርክቴክቶች በረቂቅ የሚሰጡትን ሐሳብ በኮምፒውተር ወደ ትክክለኛ ፕላን ይለውጣል። ሥራው ለሁለት እጅ የተከፈለ ነው። ቀኙ ማውሱን ይዞ መስመሩን ያስቀምጣል፤ ግራው ትዕዛዙን ይተይባል። ለመስመር አንድ ፊደል፣ ለመቅዳት ሌላ፣ የተረፈውን ለመቁረጥ ሌላ። ጌጡ ይህን ኪቦርዱን ሳያይ ነበር የሚያደርገው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር "የጌጡን ግራ እጅ እይ" ይባል ነበር።

አሁን ማውሱን ይለቃል፣ በቀኝ እጁ ፊደሉን ፈልጎ ይጫናል፣ ተመልሶ ማውሱን ይይዛል። መስመሩን ያስቀምጥና እንደገና ይለቃል። በፊት በአንድ ቀን የሚጨርሰው ፕላን አራት ቀን ፈጀበት። የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ቤዛብሕ ምንም አልተናገረም። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤት ትንንሽ ሥዕሎችን ይሰጠው ጀመር፤ ቀጥሎ የበርና የመስኮት ዝርዝር ብቻ። ቢናገር ኖሮ ጌጡ የሚመልሰው ነገር ነበረው። ዝም ስላለ እሱም ዝም አለ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ኪያ ከቦርሳዋ ወፍራም ጥቁር ማውስ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። አውራ ጣት በሚያርፍበት ጎኑ አሥራ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል።

"ጋሽ ጌጡ፣ ይሄን ይሞክሩት።"

"ምንድን ነው?"

"የጌም ማውስ ነው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚጫወተው ትልልቅ ጌም አለ፣ ትዕዛዙ ብዙ ነው። ለእሱ ነው የተሠራው። እያንዳንዱ ቁልፍ የፈለጉትን ትዕዛዝ ይይዝልዎታል።"

"እኔ ጌም አልጫወትም።"

"የምጫወተው እኔ ነኝ። እርስዎ ይሥሩበት።"

ጌጡ አመስግኖ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ግን ሳበው። ኪያ ቀደም ብላ ስድስቱን ቁልፎች በትዕዛዝ ሞልታቸው ነበር። አንዱን ሲጫን መስመር ጀመረ፤ ሌላውን ሲጫን ያሰመረው ጠፋ። አውራ ጣቱ ደጋግሞ ተሳሳተ። ነገር ግን ለአንድ ትንሽ ክፍል አራት ግድግዳ ሲያቆም እጁ ከማውሱ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። ሰዎች ከምሳ ሲመለሱ ማውሱን ወደ ነበረበት መለሰው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ ሩፋኤል አካባቢ ባለው ቤታቸው፣ ከሚስቱ ከዓለምነሽ ጋር እንደወትሮው ለእጁ ልምምድ ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ዓለምነሽ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ እንደተመለሰች ሁለት ሳህን ታቀርባለች፤ እሱ በግራ እጁ ባቄላውን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር ይታገላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻግረው እሷ ጣቶቹን ስትጨብጥለት ነው።

"ኪያ አንድ ማውስ አሳየችኝ" አላት። "ሁሉንም ነገር በቀኝ እጅ ያሠራል። ልገዛ እያሰብኩ ነው።"

"ግራውስ?"

"ግራው አሁን እየሠራ አይደለም እኮ።"

"እየመጣ ነው። ትናንት አውራ ጣትህ ተነቃንቋል።"

"ተነቃንቋል።"

"ታዲያ እጅህ እየመጣ እያለ፣ እጅ ለሌለው ሰው የሚሆን ዕቃ ምን ያደርግልሃል?"

"እጅ ለሌለው ሰው የተሠራ አይደለም። ለጌም ነው የተሠራው።"

"አንተ ግን ለጌም አይደለም የምትገዛው" አለች ዓለምነሽ፣ ወደ ሳህኑ እያየች።

እሱ ከታመመበት ሳምንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን ረቡዕ ረቡዕ ስለ እጁ ይጸልያል። ዓለምነሽ አንድም ረቡዕ አልቀረችም። ጣቶቹን በስማቸው እየጠራች፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት እያለች ነበር የምትጸልየው። ማውሱን መግዛት በእነዚያ ሰዎች መሃል ተነስቶ "በቃ፣ ይቅር" እንደማለት ሆኖ ታያት። እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነበረው። ሮዳስ የምትባለው ባለሙያ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ትከታተለዋለች። ነገሩን ሲነግራት የያዘችውን የእጁን አንጓ ሳትለቅ አዳመጠችው።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁለት ነገር ነው" አለችው። "ቀኝ እጅዎ ሁሉንም ከሠራ፣ አእምሮዎ ግራውን እየተወው ይሄዳል። ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሥራዎን ካጡ ልምምዱንም የሚተዉት ይመስለኛል። እንደዚያ የሆኑ ሰዎች አይቻለሁ።"

"እንግዲያ አልግዛ ማለትሽ ነው?"

"አላልኩም። ይግዙ፣ ግን ከሥራ ውጭ ያለውን ሰዓት ለግራው ይስጡት።"

ጌጡ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቋት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቃት። "እንደ ድሮው መተየብ እችላለሁ?"

ሮዳስ አንጓውን ለቀቀችው። "ዕቃ መያዝ፣ መደገፍ ይመጣል ብዬ አስባለሁ። ጣት በጣት መተየብ ግን... አይመስለኝም። ልሳሳት እችላለሁ።"

"ለዓለምነሽ ነግረሻታል?"

"አልጠየቀችኝም።"

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን አዲሱ ገበያ ሄደ። ኪያ የነገረችው ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን በቀኝ እጁ እየተደገፈ ወጣ። አፍናን የምትባል ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ስልክ ትጠግናለች።

"የትኛውን ጌም ነው የሚጫወቱት፣ ጋሼ?"

ጌጡ አስረዳት። እጁንም አሳያት። አፍናን ፊቷ አልተለወጠም፤ ተነስታ ሦስት ማውስ አመጣች።

"ይሄ ለተኩስ ጌም ነው። ቀላል ነው፣ ይፈጥናል፣ ጎኑ ላይ ግን ያለው ሁለት ቁልፍ ነው። ለእርስዎ ከተራው ብዙም አይለይም። ይሄኛው አሥራ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ግን ፎርጅድ ነው፤ ጥቂት ወር ቆይቶ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ መቁጠር ይጀምራል። ሰው በዋጋው ተታሎ ስለሚጠይቀኝ ነው የያዝኩት። እርስዎን የሚጠቅምዎት ይሄ ሦስተኛው ነው።"

"ገመድ የሌለው የለም?"

"አለ። በአንድ እጅ ገመድ መሰካትና መንቀል ካላስቸገረዎት ይውሰዱት፣ በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋል። ይሄ ግን አንዴ ከተሰካ በቃ።"

"የሚበራው መብራትስ ምን ይሠራል?"

"ምንም። ማጥፋት ይቻላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ቁጥርም እንዳያስገርምዎት፤ ለፕላን ሥራ ግማሹም አያስፈልግም።"

"ታዲያ ያዋጣል ትያለሽ?"

"ለቢሮ ሥራ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አያዋጣም ነው የምለው" አለች አፍናን። "አብዛኛው ሰው ለመብራቱ ነው የሚከፍለው። የእርስዎ ሌላ ነው። ሳያዩ አውራ ጣትዎ ቁልፎቹን ካገኛቸው ያዋጣል። ካላገኛቸው ግን ክብደት ብቻ ነው የሚሆንብዎት። እዚሁ ይሞክሩት።"

ከላፕቶፕ ጋር ሰክታ በርጩማ አቀረበችለት። ጌጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሞከረ። እሷም ወደምትጠግነው ስልክ ተመለሰች፤ ቀና ብላም አላየችውም። ያ ተስማማው። ከታመመ ጀምሮ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያይ ሰው ነበር። ዋጋው የሁለት ወር አስቤዛቸውን ያክላል። ገዛው።

ለዓለምነሽ አልነገራትም። ሰኞ ቢሮ ወስዶ እዚያው ተወው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ። በአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ላይ አሥራ ሁለት ትዕዛዝ ጫነና የትኛው የት እንዳለ በወረቀት ስሎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፈ። መካከለኛውን ረድፍ ማግኘት ከበደው። ሊቀዳ ሲል ይሰርዛል፣ ሊሰርዝ ሲል ያዞራል። ማታ ማታ የአውራ ጣቱ ሥር ያመው ነበር። በኪያ ምክር ትዕዛዞቹን ወደ ስምንት ቀነሳቸውና የመካከለኛውን ረድፍ ባዶ ተወው። ከዚያ በኋላ ቀለለው። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ፕላን በቀን ተኩል ጨረሰ። ቤዛብሕ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ይዞ አየና "ጥሩ" አለ። በማግስቱ የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥራ ላከለት።

ዓለምነሽ ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ረስቶ ስለወጣ በምሳ ሰዓቷ ይዛለት መጣች። ስትገባ ጌጡ በሥራው ተውጦ አላያትም። ቀኝ እጁ በማውሱ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ በስክሪኑ ላይ ግድግዳዎች ይቆማሉ። ግራ እጁ ከጠረጴዛው በታች ጭኑ ላይ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ኪያ አይታት ከወንበሯ ተነሳች።

"ጌጡ፣ ግራ እጅህ የት ነው?" አለች ዓለምነሽ።

ዞር አለ። ከዚያ፣ እሱም የት እንዳስቀመጠው የማያውቅ ይመስል፣ ወደ ታች አየ።

መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲገባ የባቄላው ሳህን አልቀረበም። ዓለምነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"ስድስት ሳምንት።"

"ስድስት ረቡዕ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ብትነግረኝ እቆጣ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ይበርድልኝ ነበር። አሁን የትኛውን ላድርግ?"

ጌጡ አጠገቧ ተቀመጠ። "በየማታው ተነቃነቀ ወይ ትይኛለሽ። ያልተነቃነቀ ቀን ያሳፈርኩሽ ይመስለኛል። ቢሮ ስሄድ ማንም አይጠይቀኝም። ሥራዬን ብቻ ነው የሚያዩት።"

"እኔ ባንተ ያፈርኩበት ቀን የለም።"

"አውቃለሁ። ግን ይመስለኛል።"

ሮዳስ ያለችውን ነገራት፣ ስለ መተየቡም ጭምር። ዓለምነሽ ብዙ አላለቀሰችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "መጠየቅ ነበረብኝ" አለች። "ፈርቼ ነው።"

ከዚያ በኋላ ልምምዱን ወደ ጠዋት አዞሩት፤ አመሻሽ ላይ ሁለቱም ይደክማቸው ነበር። ዓለምነሽ ተነቃነቀ ወይ ማለት ተወች፤ እሱ ራሱ ሲነግራት ትሰማለች። ቢሮ ደግሞ ግራ እጁን ከጭኑ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ባለው ረቂቅ ወረቀት ጥግ እንዲያስቀምጥ ሮዳስ አዘዘችው። በየሰዓቱ ይንሸራተትና መልሶ ያነሳዋል። አንዳንድ ቀን ይረሳዋል።

ዓመቱ ሲዞር ግራ እጁ ወረቀት ደግፎ ይይዛል፣ ቀላል ፌስታል ያነሳል፣ በር ይገፋል። የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም፤ ኪቦርድ ላይም ተመልሶ አልወጣም። በመጨረሻው ቀጠሮ ሁለቱም ሮዳስ ፊት ተቀምጠው ነበር።

"ማውሱን ባልገዛ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ይመጣ ነበር?" ሲል ጠየቃት።

"አላውቅም" አለች ሮዳስ። "ማንም ሊያውቀው አይችልም። አውቃለሁ የሚልዎት ሰው ካለ አይመኑት።"

አመስግነው ወጡ። ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ለታክሲ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር። ፀሐዩ ስለበረታ ወደ ግንቡ ጥላ ጠጋ ብለው ቆሙ።

"ለቤቱስ ኮምፒውተር ሌላ ማውስ አንገዛም?" አለችው ድንገት። "ቅዳሜ ቢሮ ከምትሄድ ቤት ብትሠራ።"

"አይ፣ ቤት ውስጥ መሥራት አልፈልግም። ቤት ለግራው ይሁን" አላት።

"እሺ" አለች። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ እነሱም ተከተሉ።