ጥርሴን ነው

«እሷ እኮ በጥፊ የተመታች ዕለት እንኳ ፈረቃዋን ጨርሳ ነው የወጣችው» አለች ትንሿ ነርስ፣ ስኒዋን በሁለት እጇ እንደያዘች።

ሹፌሩ ቀና አለ። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ለሚያጽናናው ሁሉ አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልወጣውም ነበር። አሁን ግን ቀስ ብሎ፣ «ማን ነው የተመታው?» አላት።

ልጅቱ ክው አለች። ከጎኗ የተቀመጠችውን የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ ዞር ብላ አየቻት፤ ኃላፊዋ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላለች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነግራዎታለች ብዬ ነው።»

አንዴ ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስምና እየተንተባተበች ነገረችው። ደም እየፈሰሳት ዘግይታ የመጣች ወላድ ነበረች። ደም ቢፈለግላትም እስኪደርስ አልቆየችም። ወንድሟ ሞቷን ሲሰማ ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ ያገኛትን ነጭ ለባሽ በጥፊ አላት። የሹፌሩን ሚስት ነበር ያገኘው። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በሚቀጥለው ክፍል ሌላዋ እያማጠች ስለነበር ጓንቷን ቀይራ ገባች። ወንድ ልጅ አዋለደች። ሰንበት ብሎ አስተዳደሩ ጠርቶ ስለ ሟቿ ማብራሪያ አስጻፋት። ስለ ጉንጯ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ያን ቀን ሹፌሩ ጭነት አራግፎ ሲገባ ጉንጯ አብጦ ነበር ያገኛት። «ጥርሴን ነው» አለችው። አመናት። ፋርማሲ ሮጦ ማስታገሻ አመጣላት፤ ውኃ አሙቆ፣ ጨው በጥብጦ ሰጣት። ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ «ተባረክ» አለችው። ጥርስ ሐኪም ጋ እንሂድ ሲላት አልሄድም ብላ ድርቅ አለች። እሱም፣ «ስንቱን ያዋለድሽ ሴት፣ ጥርስ መነቀል ፈርተሽ?» ብሎ ቀለደባት። ጉንጯን ይዛ ሳቀችለት።

አሁን ሹፌሩ የገዛ ጉንጩን በእጁ ያዘ።

በዚያ ሰፈር ስሟን የሚጠራ ጥቂት ነበር። ያዋለደቻቸው ሴቶች «ሲስተር አይዞሽ» ነበር የሚሏት፤ ምጥ ላይ ሆነው ከአፏ የሰሙት ቃል እሱ ነበርና። አብረው ገበያ ሲወጡ በየመንገዱ እየተጠሩ ሕፃን ይታቀፋሉ። ሹፌሩ፣ «ካንቺ ጋር ሽንኩርት ልግዛ ማለት ለምርጫ መወዳደር ነው» ይላት ነበር። ከዚያ የጥርስ ሕመም በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሕፃን ያዘለች ሴት ከሩቅ ካየች መንገዱን ትሻገራለች። የድስት ክዳን ቢወድቅ ትበረግጋለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ «እኔ ሲደክመኝ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ጋደም እላለሁ። አንቺም አንዳንዴ ጥግ ያዢ እንጂ» ብሎ መከራት።

«ምጥ ጥግ ይዞ አይጠብቅም» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ነርሷ ተናግራ ስትጨርስ የሚስቱ እናት ወደ ኃላፊዋ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦

«ልጄ፣ እንዲያው የሚተካት ሰው ጠፍቶ ነው?»

«እማማ፣ የለቀቁት ለቀቁ፤ በቦታቸው የመጣ የለም። ስጠይቅ ‹ይታሰብበታል› እባላለሁ። ልጅዎ ዕረፍት ስትለኝ ‹ትንሽ ታገሺኝ› ያልኳት እኔው ነኝ።» ኃላፊዋ ስኒዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

እናትየው የምትቆጣው ሰው ስትፈልግ ሰንብታ፣ ያገኘችው ሌላ የደከመች የሰው ልጅ ሆነች።

ሹፌሩ ጥፊውን አላወቀም እንጂ የሚስቱን መድከም አይቷል። አንድ ጠዋት በሆስፒታሉ በኩል ሲያልፍ ከበሩ ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፈረቃዋ ተጀምሯል። መኪናውን አቁሞ አጠገቧ ተቀመጠ። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለችው። እንግዲያው ቤት እንሂድ ብሎ እጇን ያዘ። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ የምትሄድለት መስሎት ነበር። ወዲያው አንዷ ባልደረባዋ በሩ ላይ ብቅ ብላ በእጇ ጠራቻት። እምቢ ያለው እግር ተነሣ። ጋውኗን አስተካክላ መንገዱን ስትሻገር ከኋላዋ ያያት ነበር።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ብዙ ቀን አልቆየች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተገኘች። ሐኪሞቹ የጭንቅላት ደም ሥሯ ፈንድቷል፣ ግፊቷ ከፍ ካለ ሳይሰነብት አልቀረም አሉ። ጋውኗ በአንድ እጇ ላይ ብቻ ነበር። እየለበሰች ይሁን እያወለቀች የሚያውቅ አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ከለቅሶው ቤት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሿ ነርስ ግን ፈረቃዋን ጨርሳ ስለነበር የመጣችው ቆየች፤ እንደተቀመጠችም እንቅልፍ ጣላት። ለቀስተኛው በሹክሹክታ «ተዉአት፣ ትተኛ» ተባባለ። እናትየው ትራስ አምጥታ ከጭንቅላቷ ሥር ሸጎጠችላት።

የነርሷ ጭን ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እንዳትነቃ ብሎ ሹፌሩ ፈጥኖ አነሣው። ስልኩ ላይ የሚታየው የኃላፊዋ ስም ነው። ከኃላፊዋ ወዲያ ደግሞ የምታምጥ ሴት እንዳለች አላጣውም። ስልኩን በመዳፉ አፍኖ ያዘው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጀመረ።

እናትየውን አያት፤ ፊቷን አዞረች።

ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «መጣሁ» አለች። ተነሥታ በካልሲዋ ወለሉን መዳሰስ ጀመረች። አንዱ ጫማዋ ወንበሩ ሥር ገብቷል። ሹፌሩ ተንበርክኮ አወጣላት፤ ክሩን አላልቶ፣ የጫማውን አፍ በጣቶቹ ከፈት አድርጎ፣ እግሯ እስኪገባ ድረስ ያዘላት።