ቅድሚያ ለእንግዳ

ቲፍራዊን በምትባለው የሞሮኮ የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ ሥራ ይፈታል። አንዱ «ግባ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ አንተ ቅደም» ይላል፣ ሻዩ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ሦስት ጊዜ ይገፋፋሉ፤ በስተመጨረሻ እንግዳው ይገባል። በዚህ ሙያ ደግሞ ዳ ብላዒድን የሚስተካከለው የለም። የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ነው፣ የመንደሩን የመረብ ማከማቻ ቁልፍ የሚይዝም እሱ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት ሲኖር ከእንግዳ ቀድሞ በር አልፎ አያውቅም።

ሲ ቡሽታ የሚባል የካዛብላንካ ነጋዴ መጥቶ «በመንደራችሁ የረጅም ጣውላ የማዕበል ግልቢያ ውድድር ላዘጋጅ» ሲል እሺ ያለው ዳ ብላዒድ ነው። ነገሩ ገብቶት አይደለም። ባሕር ላይ ቆሞ መሄድ ለእሱ ጀልባው የሰመጠበት ሰው ሥራ ነው። ሆኖም እንግዳ እምቢ አይባልም። እንግዳው እሺታውን እንደ ሰማ ሁለተኛ ጥያቄ አወጣ፤ ባሕሩ ዳር ያለውን አሮጌ የመረብ ማከማቻ ካፌ ላድርገው አለ። ያንኑ ማከማቻ የዳ ብላዒድ ልጅ ቱዳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለምን ኖራለች፤ የመንደሩን ሴት ልጆች ማዕበል መጋለብ ላስተምርበት እያለች።

ዳ ብላዒድ ጭንቅ ያዘው። ልጁን እምቢ ቢል ሆዱ አይችልም፤ እንግዳውን እምቢ ቢል ስሙ አይችልም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ብልሃት የመሰለውን ተናገረ።

«ቱዳ የሴቶቹን ውድድር ካሸነፈች ማከማቻው የሷ ነው። ካላሸነፈች የሲ ቡሽታ ይሁን።»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሐጅ ኢድር፣ «ቃል ነው?» አለው።

«ቃል ነው።»

ቤት ሲገባ ቱዳ ጣውላዋን በሰም እያሸች ጠበቀችው።

«ጥሩ አድርገህ ሸጥከኝ፣ አባዬ።»

«እንግዳ ፊት ምን ልበል ታዲያ?»

«እምቢ በላ! ምላስህ አይቆረጥም!»

«እንግዳ ነው እኮ የምልሽ።»

«እኔስ? ቤትህ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን እንኳ እንግዳ ልሁና!» አለችና ጣውላዋን ይዛ ወጣች።

መንደሩ ሆቴል ስለሌለው ተወዳዳሪዎቹ በየቤቱ በእንግድነት ተመደቡ። ዳ ብላዒድ ቤት የደረሰችው ጊታ የምትባል የካዛብላንካ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ የሰጧትን ሁሉ «በቃኝ» ማለት የማትችል። አንዲት ብቻ ሰው ቤት አላድርም አለች፤ ከራባት ከተማ የመጣችው ኒስሪን። መኪናዋ ውስጥ አደረች። ይባስ ብላ ሰርዲን በሕይወቱ ከባሕር በሚወጣበት መንደር ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላ የቆርቆሮ ሰርዲን በላች። ሴቶቹ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም።

ውድድሩ ቅዳሜና እሁድ ነበር። ሁለቱን ቀን ጀልባ ወደ ባሕር እንዳይገባ ስለተከለከለ ዳ ብላዒድ በገዛ ዳርቻው ሥራ ፈት ሆኖ ተቀመጠ። ልጁ ማዕበል ስትጋልብ በደንብ ያያትም ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ ማለዳ እሱ ባሕር ላይ ነው፣ ከሰዓት እንቅልፍ ላይ። ቱዳ ከዳርቻው ድንጋይ ጥግ ተነሥታ፣ በጣውላው ላይ አንዱን እግሯን ከሌላው ፊት እያሳለፈች፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ እስከ ጣውላው ጫፍ ተራመደች፤ እዚያው ጫፉ ላይ ቆማ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር አልፋ ሄደች። ዳ ብላዒድ ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሟል። ኮራ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። ማከማቻውን ለልጁ ከልቡ እንደሚፈልግላት ገባው። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቃል አስይዞ መቀመጡም አብሮ ገባው። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ቱዳም፣ ጊታም፣ ኒስሪንም ለእሁዱ ፍጻሜ አለፉ።

እሁድ ጠዋት ዳ ብላዒድ ራሱ የገብስ ገንፎ አስገነፋ። መሃሉን ጎድጉዶ ከአርጋን ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ሞላበት፤ ከጎኑ የለውዝና የማር ልውስ፣ ትኩስ ቂጣ፣ ቅቤ። ከጊታ ፊት ተቀመጠ።

«ብዪ እንጂ፣ ልጄ።»

«በላሁ እኮ፣ ዳ ብላዒድ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይቺ መብል ናት? እናትሽ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢታ የለም። ጊታ ጎረሰች። ሌላ በሞቴ መጣ፣ ሌላ ጎረሰች። ሚስቱ ይጃ ከበሩ ላይ ሆና ታየው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ልታሸኛት ነው ወይስ ልታሰባት?»

«እንግዳ ማብላት ነውር ሆነ?» አለ ዳ ብላዒድ። እውነትም በመጽሐፍ አልተከለከለም። ገንፎውን ለቱዳ ለምን እንዳላቀረበ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

ፍጻሜው ግማሽ ሰዓት ነው። ማዕበሉ ደግሞ ያን ቀን ሰነፍ ነበር፤ በየስንት ጊዜው አንድ ብቻ ይመጣል። ሕጉ በተራ ነው። ተራ የደረሳት ማዕበሉን ካልወሰደች ለቀጣይዋ ያልፋል፣ እሷም ከተወችው ለሦስተኛዋ። ቱዳ አንዱን አሳምራ ሄደችበት፤ ኒስሪንም በትንሽ ነጥብ ልዩነት ተከተለቻት። ጊታ ሦስት ጊዜ ልትነሣ ሞክራ ሦስቱንም እንደ እርጥብ ጆንያ ወደቀች። ገንፎው ሥራውን እየሠራ ነው።

ድምፅ ማጉያው ሁለት ደቂቃ እንደቀረ ተናገረ። ከአድማስ አንድ ጥሩ ማዕበል ብቅ አለ። ተራው የቱዳ ነው፤ ቀጥሎ የጊታ፣ በመጨረሻ የኒስሪን። ቱዳ እየመራች ነው፤ ይህን ከወሰደች አለቀ።

«ውሰጂው!» ብሎ ጮኸ ዳ ብላዒድ። እዚያ ማን ይሰማዋል?

ቱዳ ጣውላዋ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጊታ ዞረች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ በግራ እጇ ማዕበሉን አሳየች። ዳ ብላዒድ ያችን እጅ ያውቃታል። የራሱ እጅ ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመት በር ላይ ያቆማት።

ጊታ ራሷን ነቀነቀችና እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቱዳ እንደገና አሳየች። ጊታ እንደገና እምቢ አለች። ሦስት ቀን እንጀራቸውን የበላች፣ የማከማቻውንም ነገር የሰማች ልጅ እንዴት ትቀድማታለች? እነሱ ባሕር መሃል ሲገፋፉ ማዕበሉ ደረሰ፤ ማዕበል «በሞቴ» አያውቅም። የማንንም ገንፎ ያልበላችው ኒስሪን በመካከላቸው ቀዝፋ አለፈች፣ ተነሣች፣ እስከ ጣውላው ጫፍ ተራምዳ አሸነፈች።

ቱዳ ከባሕር ስትወጣ አባቷ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጠበቃት።

«ተራሽ ነበር።»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«አንድም ማዕበል አልቀመሰችም፣ አባዬ። ከቤታችን የወጣች እንግዳ ባዶዋን ትመለስ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ዳ ብላዒድ የጠዋቱ ገንፎ ትዝ አለውና አፈረ፤ አንገቱን ደፋ።

ሐጅ ኢድር ግን ደስታውን አልቻለውም። በሕዝብ ፊት ቱዳን መረቃት። «እንዲህ ነው ልጅ ማሳደግ! ያን ማዕበል ወስዳው ቢሆን ኖሮ እፍረታችን ነበር። ተባረኪ!» መላው መንደር አጨበጨበ። ከዚያ ሐጁ ወደ ዳ ብላዒድ ዞረ። «በል እንግዲህ፣ ቁልፉን ለሲ ቡሽታ። ቃል ነው።»

ሽማግሌው፣ ተወዳዳሪው፣ አጫፋሪው ሁሉ ወደ ማከማቻው ተከተለ። ቱዳም ጣውላዋን አቅፋ ከኋላ መጣች። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ፊት ነው። ዳ ብላዒድ ቁልፉን አዞረ፣ በሩን ከፈተ፣ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይግቡ፣ ሲ ቡሽታ።»

ሲ ቡሽታ ከመንደሩ ወግ መማሩን ለማሳየት ፈለገ። «ኧረ አይሆንም! እርስዎ ይቅደሙ።»

«ይግቡ።»

«ወላሂ አልቀድምዎትም።»

ሰው ሁሉ ሦስተኛዋን ጠበቀ። ዳ ብላዒድ ወደ ልጁ አየ። እጁን ከደረቱ አወረደ።

«እንግዲያው እሺ» አለና ገባ። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲወረወር ተሰማ።

ሐጅ ኢድር በከዘራው በሩን ደበደበ። «ብላዒድ! ቃልህስ? ስምህስ?»

«ውጭ ትቼዋለሁ፣ ያገኘ ይውሰደው!» አለ ድምፁ ከውስጥ። «ቱዳ! በባሕሩ በኩል ያለውን በር ከፍቼልሻለሁ። ጣውላሽን አምጪው።»

ቱዳ ሲ ቡሽታን አየችው። በተዘጋው በር ፊት አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ወደ ባሕሩ በር በሚወስደው መንገዷ ላይ። እጇ በልማድ ወደ ደረቷ ተነሣ፤ መንገድ ላይ አቆመችው። ጣውላዋን ትከሻዋ ላይ አወጣችና «ዞር በልልኝ» አለችው።